የአሳዋ ባልና የኔ ባል

የአሳ ወንድነት የሚታየው አፍንጫው ላይ ነው። ቡሬ አካባቢ ካለ አንድ ወንዝ በቀር ሌላ ቦታ ያላገኘነው ትንሽ አሳ አለ፤ የመራቢያ ጊዜው ክረምት ሲደርስ ወንዱ አፍንጫው ላይ ብጉር የመሰለ ሻካራ ነገር ያወጣል። ሴቷ ቆዳዋ ልሙጥ ነው፤ ሆዷ ይሰፋል፣ በአካልም ትበልጠዋለች። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በገንዳ የማራባቸው እኔ ነኝ። ቀን አሳ ሳራባ ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ መካን ነኝ።

አማቴ ይህን በግልጽ አይሉኝም። «የጎረቤት በግ እንኳ መንታ ወለደች» ይላሉ ወጥ እያማሰሉ። ያላስመረመሩኝ ሆስፒታል፣ ያላዞሩኝ ጠበል የለም። በዚያ ብርድ የምጠመቀው እኔ፤ ባሌ ጄሪካን ይዞ ይከተላል። እሱም ይመርመር ብል «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል ብለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ የተናደድኩት ያኔ ነው።

ባለፈው ክረምት አማቴ ከጅጋ ሊጠይቁን ሲመጡ ሥራዬን ላሳያቸው ወሰድኳቸው። ከቀናት በፊት የአንዲት አሳ እንቁላል ለሁለት ሳህን ከፍዬ፣ በአንዱ ላይ የወንዱን ዘር ጨምሬ፣ ሌላውን ለማነጻጸሪያ እንዲሁ ትቼው ነበር። በአንደኛው ውስጥ ትንንሽ ነገሮች ይንቀሳቀሳሉ። ሌላው ነጭ ሆኖ ሻግቷል።

«የዚህችኛዋ እናት ምን ሁና ነው?» አሉ ወደ ሻገተው እያዩ።

«የሁለቱም እናት አንድ ናት፣ እማማ። እዚህኛው ላይ የወንድ ዘር አልገባም።»

ወደ ሻገተው ሳህን ጎንበስ አሉ።

«ደህና መስሎ ዘር የሌለው ወንድ አለ እንዴ?»

«ሞልቷል። አፍንጫው ሻክሮ ሲያዩት ጎበዝ ነው፤ ሆዱን ሲጫኑት ጠብ የሚል ነገር የለውም።»

ማታ እራት ላይ ልጃቸውን «ነገ ሆስፒታል ትሄዳለህ» አሉት።

«እኔ? ምን ሁኜ?»

«እሱን ነው የምንጠይቀው።»

በማግስቱ ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ሄድን። አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ ነርሷ በሩን ከፍታ «ቀጣይ!» አለች። ከልማድ የተነሳ ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ። አማቴ ነጠላዬን ጎትተው አስቀመጡኝ።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉኝ። «ያንቺስ በዛ።»