እንስራ ማድመጥ

እትዬ ሙሉ ቀዝቃዛ ከርከዴ በሚሸጡበት የቆቦ ቤት በተቀጠርኩበት ቀን መጀመሪያ ያስያዙኝ ብርጭቆም ማንኪያም አልነበረም። ትናንት የተሞላውን እንስራ አሳዩኝና «ጆሮሽን አፉ ላይ አድርጊ» አሉኝ። ሳቄ መጣ።

«ምን ይሰማሻል?»

«ምንም።»

«ምንም ካላለ ይሸጣል። ሽው ካለ ይደፋል።»

በእኛ ሙቀት ስኳር ያለበት መጠጥ ያለ እሳት ይፈላል፤ ከፈላ ደግሞ ያሰክራል። ደንበኛችን ግማሹ ሙስሊም፣ የቀረው መሪ የሚጨብጥ ሹፌር ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ውሃው ሲንተከተክ ማሰሮው ይወርድና የደረቀው የከርከዴ አበባ ይጨመራል፤ እሳት ላይ ከቆየ ይመራል። ጠጅ ሳርና የተቀጠቀጠ ዝንጅብል አብረው ይገባሉ። ጤና አዳም ግን ከበረደ በኋላ፣ ያውም አንዲት ቅንጥብ ብቻ፤ ከበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ሎሚው የሚጨመቀው ሲቀዳ ነው። እንስራው በወይራ ታጥኖ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል።

አያ ሐሰን የሚባሉ የዋጃ ማሽላ ነጋዴ ልጃቸውን ሲድሩ የሠርጉን መጠጥ ለእኛ ሰጡ። እንስራ አነሰን። እትዬ ሙሉ ከጎረቤት የጠላ እንስራ ተዋሱ፤ በግራዋ አሹት፣ አጠኑት፣ ደግመው አጠኑት።

«ሸክላው ጠላ ጠጥቷል እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ግራዋ ያላስለቀቀውን አንቺ ልታስለቅቂ ነው?» አሉኝ።

በማግስቱ፣ በሠርጉ ቀን፣ ዳሱ ሥር የሞላናቸውን እንስራዎች አንድ በአንድ አደመጥኩ። የተዋስነው ሽው ይላል። ስከፍተው ጠርዙን ጥቃቅን አረፋ ከቦታል። እንግዶቹ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ሙቀቱ ነው፤ በረዶ ጨምሪበት» አሉ እትዬ ሙሉ በሹክሹክታ።

«ሽው ካለ ይደፋል ብለውኛል።»

«እንግዲያው ነገ ሥራ እንዳትመጪ!»

ፈራሁ። ከዚያ ቤት ሌላ እንጀራ አልነበረኝም። ነገር ግን ሰዎቹ ያንን ብርጭቆ ቢስሚላህ ብለው ሊያነሱት ነው። ሄጄ ለአያ ሐሰን ነገርኳቸው።

«አያ፣ አንዱ እንስራ መፍላት ጀምሯል። ለእናንተ አይሆንም።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሳይቀዳ ደረሽ» አሉ። «ድፊው። እንግዳዬ ውሃ ይጠጣ።»

ከዳሱ ጀርባ ደፋሁት። የቀረው ስላልበቃ ሠርገኛው ግማሹ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ጠጣ።

አትምጪ ተብያለሁና አልሄድኩም። ቤቴ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እልህም ነበረበት። ሰንበት ብሎ እትዬ ሙሉ ራሳቸው በባጃጅ መጡ። የአያ ሐሰን እህትም ልጅ ልትድር ኖሯል።

«ያቺ የምታደምጠዋ ከሌለች አንፈልግም አሉኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ይቅርታ አልጠየቁኝም። ቤቱ ስንደርስ ግን ገና ውሃ ያልነካቸው አዳዲስ እንስራዎች ተደርድረው አገኘሁ።

አሁን እትዬ ሙሉ አርጅተዋል፤ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ለሚቀጠር ሁሉ የምነግረው ይኸው ነው፦ የጠላ እንስራ ለከርከዴ አይሆንም፤ ቢታጠብም አይሆንም። ከመቀዳቱ በፊት ይደመጣል። ሽው ሲል የሰማ ደግሞ ለሚጠጣው ሰው ይናገራል፤ ይህም ከሥራው ነው።