ማዳም ከጅዳ የላከችው ሙቀት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሂንዳዊያ

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። እናቴ ጅዳ መኖር ከጀመረች አስራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሰዓቷን ግን አልቀየረችም። እኔም የምቀይርበት ምክንያት አላገኘሁም።

ሱብሂን ሰግደን ወጣን። ሰፈራችን ሂንዳዊያ በዚህ ሰዓት የዳቦ ሽታ፣ የድመት መንጋ፣ የተዘጉ ሱቆችና የሚያንጠባጥቡ የኤሲ ቱቦዎች ናት። አፍጋናዊው ዳቦ ጋጋሪ ተሚስ የሚባለውን ጠፍጣፋ ዳቦ በረጅም ሜንጦ ከምድጃው እያወጣ ይደረድራል። አንዱ ሁለት ሪያል ነው። ሁለት ገዛን። እናቴ እንዳይበርድ ብላ ዳቦውን አባያዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ውጪው ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ነበር።

የምንሄደው መካ ነው፣ ለዑምራ። አባቴ ሥራ ስላለው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እኔ አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴ ዘሀራ ትባላለች፣ የወሎ ሰው ናት፣ ሰሜን ጅዳ አንዲት ማዳም ቤት ትሠራለች። የደም ግፊት አለባት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ጉዞው ሁሉ የእሱ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ትናንት ልብስ ሳጣጥፍ መሳቢያዋ ውስጥ የግፊት ክኒኗን አገኘሁ። የሦስት ሳምንት ክኒን፣ አንድም ሳይጎድል።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ተይው፣ ትቼዋለሁ። ማዳም እያከመችኝ ነው።»

ታላቅ እህቷ ደሴ ናት፤ አንድ ጎኗ አይታዘዛትም። እንዲህ የሆነችው ክኒን አቁማ ነው። ይህን ለእናቴ መንገር አያስፈልግም፤ ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ክኒኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ዕቅዴ ቤት ሳንመለስ አንዱን ማስዋጥ ነው።

11 ሰዓት ተኩል፣ ባብ መካ

ሾፌሮች የመካውን ታላቅ መስጊድ ስም «ሀረም! ሀረም!» እያሉ ይጣራሉ። እኛ የተሳፈርነው ከጋሽ እንድሪስ ጋር ነው። ጋሽ እንድሪስ የከሚሴ ሰው ነው፣ ጢሙን በሂና አቅልሟል፣ ሰባት ሰው የምትጭን መኪና አለችው። ለአንድ ሰው ሃያ አምስት ሪያል። ከኋላ ሦስት ፓኪስታናውያን ገቡና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«ዘሀራ፣ ልጅሽ ምን እየጻፈች ነው?»

«ጋዜጠኛ ሆናለች።»

«እንግዲያ ስለእኔም ትጻፍ። እንድሪስ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው በይ።»

ጽፌያለሁ። መቶ ሠላሳ ላይ ነበር።

እናቴ ስለ ሕክምናዋ ነገረችው። ትናንት ለእኔ ከነገረችኝ በላይ ለእሱ ነው የተረከችው፤ እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

«ሬኪ ይባላል። ማዳም እጇን ከላዬ ታደርጋለች፣ አትነካኝም። ብቻ ሙቀት ይመጣል። የጃፓን ነው።»

«ጃፓን መኪና ትሠራለች ብዬ ነበር የማውቀው።»

«ይሄንንም ትሠራለች።»

ማዳም ትምህርቱን በኮምፒውተር ተከታትላ ጨርሳለች። የምስክር ወረቀቷ ሳሎን ውስጥ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል፤ አቧራውን የምትጠርገው እናቴ ናት። ሁልጊዜ ሐሙስ ወለሉ ታጥቦ ሲያልቅ ማዳም እናቴን ረጅሙ ሶፋ ላይ ታስተኛትና ሃያ ደቂቃ እጇን ከበላይዋ ትዘረጋለች። ምልክቶችም አሉት። አንዱ ወደ ውስጥ የሚጠቀለል መስመር ነው፣ የቀንድ አውጣ ቤት ይመስላል፤ ለኃይል ነው። አንዱ ለሐሳብ ማረጋጊያ ነው። ሦስተኛው ፊደል በፊደል ላይ የተቆለለ የሚመስል ረጅም ነው፤ ሩቅ ላለ ሰው መላኪያ ነው።

ማዳም የመጀመሪያውን በወረቀት ሥላ፣ እቤትሽ ስትሆኚ መዳፍሽ ላይ በጣትሽ እንዲህ አድርጊው ብላ ሰጠቻት። እናቴ ግን የወሎ ሰው ናት። የተጻፈ ነገር ለሕመም ሲሰጥ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ወረቀቱን አራት ጊዜ አጠፈችው፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ሰፋችው፣ አንገቷ ላይ አሰረችው። ክታብ ከታሰረ ደግሞ ሌላ መድኃኒት አይደረብበትም፤ አንዱ አንዱን ይሽረዋል። ክኒኑ የቆመው በዚህ ነው። ማንም አቁሚ አላላትም።

«እማ፣ ትምህርት ቤት ክታብ ማሰር አይፈቀድም ብለውናል።»

«እሱ የእኛው ነው። ይሄ የጃፓን ነው።»

የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ትናንት ማታ በስልክ መልእክት ስለ ሬኪ ጠይቄው ነበር። ያንን ኃይል የለካ መሣሪያ እስካሁን የለም አለኝ። ዋናው ጥያቄ፣ አለ፣ አንዱ ተምሮ እጁን ቢዘረጋ፣ ሌላው ምንም ሳያውቅ እንደተማረ ሆኖ ቢዘረጋ፣ ታካሚው ይለያቸዋል ወይ ነው። ይህን ለእናቴ ነገርኳት።

«አስተማሪሽ ሶፋው ላይ ተኝቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ።»

ከ12 ሰዓት በኋላ፣ መንገድ ላይ

ሜዳ፣ ድንጋይ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ግመል ተጠንቀቅ የሚል ሰሌዳ። ግመል አላየንም። ፍተሻው ጋ ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ አሳየን፤ ወታደሩ አዛጋና አሳለፈን።

እዚህ ላይ እናቴ ዋናውን ነገር አወጣች። ዛሬ ልክ አራት ሰዓት ላይ ማዳም ጅዳ ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሦስተኛውን ምልክት በአየር ላይ ጽፋ፣ ለእናቴ ሃያ ደቂቃ ትልክላታለች። መካ ድረስ።

«ርቀት አያግደውም» አለች እናቴ።

«ኔትወርክስ?» አለ ጋሽ እንድሪስ።

ከንጋቱ 1 ሰዓት፣ ሀረም

በሩ ጋ እናቴ ቆመች። እጇን አንገቷ ውስጥ አስገብታ አረንጓዴውን ክታብ ፈታችና ሰጠችኝ።

«ያዥልኝ። በአላህ ቤት ፊት ይዤው አልቀርብም።»

«የጃፓን ነው አላልሽም?»

«ያዥ ብዬሻለሁ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ከክኒኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከዚህ በኋላ ሁለቱም መድኃኒቶች እኔ ጋ ነበሩ።

ካዕባን ሳይ ምን እንደምጽፍ ለሳምንት አስቤ ነበር። ስደርስ ደብተሬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም፤ ጥሩ ነበር። ሰባት ዙር ዞርን። እናቴ አባያዬን በአንድ እጇ ጨብጣ፣ በሌላው ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥራለች። ዱዓ ስታደርግ የአክስቴን ስም ሰማሁ፣ የእኔን ሰማሁ፣ የማዳምን ሰማሁ። የራሷን አልሰማሁም። ሰግደን የዘምዘምን ውሃ ጠጣን።

3 ሰዓት ከሃምሳ፣ በሰፋና በመርዋ መካከል

በሁለቱ ኮረብታዎች መካከል ከሚደረጉት ሰባት ምልልሶች አምስተኛው ላይ እናቴ ግድግዳውን ያዘች።

«ዐይኔ ጭልም ጭልም አለብኝ።»

ፊቷ አመድ መስሏል። ክኒኑን አወጣሁ። አየችው፣ ከየት እንደመጣም አወቀች፣ አልተቆጣችም።

«አሁን አይሆንም። ለአራት ሰዓት አስር ጉዳይ ነው። ከደረብኩት የማዳም ይበላሻል።»

«እማ፣ አክስቴስ?»

«አብሽሪ፣ አስር ደቂቃ ነው።»

ጥጉ ጋ አስቀመጥኳት። ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ዐይኗን ጨፈነች። አጠገቧ ሆኜ ሰዓቴንና ደረቷን በየተራ አያለሁ። በነጭ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ ሽማግሌዎች ያልፋሉ። ከላያችን ማቀዝቀዣው ስለሚነፍስ ክንዴን ብርድ ብርድ ብሎኛል።

አራት ሰዓት ሆነ። በሁለተኛው ደቂቃ እናቴ ዐይኗን ሳትገልጥ «መጣ» አለች።

«ምኑ?»

«ሙቀቱ። ከትከሻዬ ጀምሮ።»

እጇን ነካሁት። ሞቋል። ደብተሬ ላይ «ሞቋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሐቅ ሐቅ ስለሆነ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነሳች። ፊቷ ተመልሷል። የቀሩትን ምልልሶች ከእኔ ቀድማ ጨረሰች። መርዋ ላይ ጸጉሯን አንድ ጣት ያህል ቆረጥኩላት፣ እሷም የእኔን። ዑምራችን አለቀ። የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ምን ብዬ እንደማስረዳው አስብ ነበር።

7 ሰዓት፣ ምግብ ቤት

ሩዝ በዶሮ፣ አስራ ስምንት ሪያል፣ ለሁለት ይበቃል። ሽንኩርቱ በነፃ ነው። እናቴ ልትጎርስ ስትል ስልኳ ጠራ። ማዳም ናት። እጇ ዘይት ስለነካው ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። የተናገሩት በዐረብኛ ነው፤ እንደሚከተለው ተረጉሜዋለሁ።

«ዘሀራ፣ ይቅር በይኝ፣ ወላሂ ረሳሁት። የእህቴ ልጅ ሰርግ ነው፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጸጉር ቤት ነኝ። ጭንቅላቴ ቀለም ውስጥ ነው። አሁን ልላክልሽ?»

«አይ ማዳም፣ ደርሶኛል» አለች እናቴ።

«ምኑ?»

«ሙቀቱ። አራት ሰዓት ላይ።»

ማዳም አጠገቧ ያለውን የጸጉር ማድረቂያ እንዲያጠፉ አዘዘች።

«እኔ ግን አልላክሁም» አለች ማዳም።

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሩዙ አየሁ። ምልክቱ ያለበት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ፣ ማዳም ቀለም ውስጥ። አስተማሪያችን ከዚህ የተሻለ ፈተና ሊያዘጋጅ አይችልም ነበር። ግን የተፈተነችው እናቴ ስለሆነች አልሳቅሁም። ስልኩን አንስቼ ስለ ክኒኑ ለማዳም ነገርኳት።

«ማነው ያስቆማት?» አለች ማዳም፣ ድምጿ ተለውጦ። «እኔ ራሴ የግፊት ክኒኔን በየቀኑ ከቁርስ ጋር እውጣለሁ። በሐኪም ፋንታ ነው ብያታለሁ?»

ስልኩ ተዘጋ። እናቴ ሩዙን በላች፣ ሽንኩርቱን በላች፣ የዶሮውን አጥንት ሰሃኑ ዳር ደረደረች።

«አምጪው» አለችኝ።

ክኒኑን ከሀረም በያዝነው ዘምዘም ዋጠች። ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር። እሑድ ሐኪም ጋ ሄዳ እንደምትለካም ቃል ገባች። በወላሂ አልማለችም፤ እሷ የምትምለው ስትዋሽ ነው።

9 ሰዓት፣ ወደ ጅዳ

ተመላሽ ሰው ሊጭን ሀረም አካባቢ የቆየው ጋሽ እንድሪስ ነው የመለሰን። ነገሩን ስነግረው መሪውን ይዞ ሳቀ።

«ኔትወርክስ ብዬ አልነበር?»

እናቴ በመስኮት ሜዳውን ታያለች። ለእኔ ይሁን ለሜዳው ሳይታወቅ፣ እንዲህ አለች።

«ምልክት አላውቅም። ማዳም "ተኚ" ትለኛለች። እኔ ተኝቼ እሷ ትቆማለች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማንም ዘሀራ ብሎ አይጠራኝም። እዚህ ሀገር ከመጣሁ ከእሷ በቀር ተኚ ያለኝ ሰው የለም። ዛሬም ሰፋ ጋ ስቀመጥ አንቺ ሰዓት ታያለሽ፣ የሚጠራኝ የለም። ያኔ ነው የሞቀኝ።»

ጋሽ እንድሪስ መቶ ሠላሳውን ወደ ዘጠና አወረደው። ክታቡን አውጥቼ ሰጠኋት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ወረቀቱን ዘርግታ አየችው።

«ቀንድ አውጣ ነው» አለችና ደብተሬ ውስጥ ከተተችው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ቤት

አባቴ ጠዋት የበላባቸው ሳህኖች እንዳሉ ናቸው። እናቴ አባያዋን ሳታወልቅ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«እማ፣ ተኚ።»

«ሳህኑስ?»

«ተኚ።»

ፍራሹ ላይ ተኛች። ስልኬ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሞላሁ። አልተማርኩም፣ የምስክር ወረቀት የለኝም፣ በኃይሉም አላምንም። እጄን ከትከሻዋ በላይ ዘረጋሁ።

«ምን እየላክሽ ነው?»

«ምንም።»

«ሞቅ ይላል» አለች፤ በአራተኛው ደቂቃ አንኮራፋች።

ስልኩ ሲጮህ አጠፋሁትና ሌላ ሃያ ደቂቃ ሞላሁ።