ያለ ውዱእ የማይነካው ልብወለድ

ከሚሴ ውስጥ ሰው አያነብም የሚል ካለ ዋሽቷል። ያነባል፤ ብቻ ቆሎ እየቆረጠመ ነው። የዚህ ባህል ባለውለታ ደግሞ አክስቴ ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ አብሬያት የምኖረው አክስቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች፤ በብርጭቆ እየሰፈረች፣ በወረቀት እየጠቀለለች። ወረቀቱ ከየት ይመጣል? ከተማሪ አሮጌ ደብተር፣ ቢሮ ከጣለው ሰነድ፣ አልፎ አልፎም ከእኔ መደርደሪያ።

ፊደል ባትቆጥርም መጽሐፍ ትገመግማለች። ጠንካራ ሽፋን ያለውን ትንቃለች፤ አይጠቀለልማ። የታሪክ መጻሕፍት ወረቀታቸው ስስ ስለሆነ ለትኩስ ቆሎ አይሆኑም። የምታደንቀው ግጥም ነው። ባዶ ቦታው ብዙ፣ ቀለሙ ትንሽ፣ ቆሎውን አያጠቁርም። ገጣሚዎቻችን አንባቢ ጠፋ እያሉ ሲያማርሩ እንዲህ ያለች አድናቂ እንዳለቻቸው አለማወቃቸው ያሳዝነኛል።

አንድ ቀን ሰንበቴ ገበያ ውዬ ስመለስ መደርደሪያዬ ባዶውን ቆሞ ጠበቀኝ። ደነገጥኩ። ለሌሎቹ አይደለም፤ እነሱን ተክቼ እገዛለሁ። ከመካከላቸው ግን አባቴ ትቶልኝ የሄደው አንድ አሮጌ ልብወለድ ነበረ። በልጅነቴ ማታ ማታ ጮክ ብሎ ለቤተሰቡ ያነብልን ነበር። ከአባቴ ድምፅ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ሽፋኑ ተበጣጥሶ ስላለቀ በቅርቡ በወፍራም አብረቅራቂ ወረቀት ለብጬዋለሁ፤ ወረቀቱ የአክስቴ ልጅ ከዓረብ አገር ካመጣችው የጁስ መፍጫ ጋር የመጣ፣ በዓረብኛ የተጻፈ መመሪያ ነው።

በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ። ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ መጻሕፍቴ እየተቆረጠሙ ነው። አንድ ተሳፋሪ በመስኮት ብቅ ብሎ ወረቀቱን እያወዛወዘ፣ «እናቴ፣ ይሄ ሰውዬ ልጅቷን ያገባታል እንዴ? ቀጣዩ ገጽ የለም?» ይላታል።

«ሌላ ብርጭቆ ግዛ!» አለችው አክስቴ።

«ወላሂ ጨረስሽኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ያነበብካቸውን ነው የወሰድኩ። ጨርሰሃቸው የለ?»

የተላጠ ሙዝ ልጣጭ የሚያስቀምጥ ሰው ያየች ነው የምትመስለው። «በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተለበጠውስ?» አልኳት።

«አስተግፊሩላህ! እሱን ለመጠቅለያ እቀዳለሁ? ቤት ነው ያለ።»

ገባኝ። በእኛ ሰፈር የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት መሬት ወድቆ ከተገኘ ተረግጦ አይታለፍም፤ ተነስቶ፣ ተስሞ፣ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሻጣል። ማታ አብረን ስንገባ ልብወለዴ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከቁርኣኑ ጎን ተቀምጧል። ላወርደው እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ፣ «ውዱእ አለህ?» አለችኝ።

ቁርኣን ቤት ሳለሁ የለቃቀምኳት ዓረብኛ አለችኝና በጨርቁ ጫፍ ብቅ ያለውን ሽፋን አነበብኩት፤ «ምላጩ ሲሽከረከር እጅዎን አያስገቡ» ይላል። እጄን ሰበሰብኩ። ወጥቼ ለሶላት እንደሚታጠቡት ታጠብኩና መጽሐፉን አወረድኩ።

«ኮቱ፣ ና ተቀመጥ። አንብብልኝ» አለች፣ ሻሿን አስተካክላ።

እውነቱን ብናገር የነገ ቆሎ መጠቅለያ ነው፤ ቁርኣን ነው ብዬ ብዋሽ አላህ ዘንድ ወንጀል ነው። ፈራሁ። «አክስቴ፣ ይሄ ልብወለድ ነው። ሽፋኑም የጁስ መፍጫው ወረቀት ነው» አልኳትና መጽሐፉን ሳትነጥቀኝ ማንበብ ጀመርኩ። አንዲት ሙሽራ ወንዙ ሞልቶባት ከማዶ ቆማለች። የአክስቴ ፊት ጠቆረ። ሁለተኛውን አረፍተ ነገር ሳልጨርስ ከአፌ ነጠቀችኝና በቃሏ ጨረሰችው፤ ያኔ አብራን ስታዳምጥ አባቴ ይጎትታቸው የነበሩትን ቃላት እየጎተተች።

«የወንድሜ ነው» አለች እያለቀሰች። «ልቀደው ነበር'ኮ። ወረቀቱ ባይጋርደው ልቀደው ነበር።»

ወረቀቱ የሚለውን ብታውቀው ኖሮ ልትቀደው እንደነበር ልነግራት አልደፈርኩም። እኔም አለቀስኩ።

«ከቁርኣን ጎንማ አይቀመጥም» ብላ አረንጓዴውን ጨርቅ አጣጥፋ መለሰች። መጽሐፉን ግን ወደ ቆሎው ቅርጫት አልወሰደችውም፤ ሳጥኗን ከፍታ ከአባቴ ኮፍያ ስር አስቀመጠችው። «ነገ ካቆምክበት ትቀጥላለህ።»

«ውዱእ ላድርግ?» ብዬ ቀለድኩባት።

«ለልብወለድ ምን ውዱእ አለው!» አለች፣ ሳጥኑን እየቆለፈች። «የወንድሜ ነው፤ እጅህን ግን ታጥበህ ና።»