ፒያሳ የማይደርሰው ባቡር

ወንድሜ የሞተ ቀን እህቴን ከባቡር እንድቀበል የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ቤታችን ውስጥ እናታችን፣ እሱ፣ እህቴና እኔ ነበርን። ታላቃችን እሱ ነው። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች ባንዱ፣ ከጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ቀለበት ይሠራ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ደረቴን አመመኝ አለ። ሆስፒታል ሲያደርሱት አልፎ ነበር። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ ገና አልችልም። የምችለው ስለዚያን ቀን ፍርሃቴ ነው።

እህቴ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ቃሊቲ አንድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ከዚህ በፊት አንድ ጽንስ ወጥቶባታል። የዕድራችን ዳኛ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ ግቢያችን እንደገቡ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እሷ ነበር።

"ልጅቷ ሰምታለች?"

"አልሰማችም" አለች እናቴ። ወለሉ ላይ ነበረች።

"እንግዲያው መንገድ ላይ እንዳትሰማ። ዛሬ አክስቷ ጋ ትደር፤ እህል ትቅመስ፤ ትተኛ። ንጋት ላይ እኛ ሄደን እናረዳታለን። ድንኳኑም እስከዚያ አይተከልም። ማንም ስልክ እንዳይደውልላት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ትቀበላታለህ። አክስቴ አሟታል በላት። ፊትህን ታጠብ።"

ሌላ ጊዜ ይህ የመርዶ ሥርዓት ሰውን ማታለል ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን የምይዘው ሌላ ነገር አልነበረኝም። ፊቴን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

እህቴ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ፒያሳ ትወርዳለች። ከዚያ ወደ አትክልት ተራ በሚወስደው ቁልቁለት ትንሽ ሄዳ ቤት ትገባለች። አክስቴ ያለችው ውቤ በረሃ ነው፤ በሌላው በኩል። ፒያሳ ላይ ከያዝኳት በግቢያችን በር ሳናልፍ እንደርሳለን። የታሰበው እንደዚያ ነበር።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጣቢያው በር ላይ ቆምኩ። የትኬት መቁረጫውን መስታወት ተደግፌ የምናገረውን እለማመድ ጀመር። "አክስቴ ትንሽ አሟታል።" ድምፄ ልክ አልመጣ አለኝ። "ጉንፋን ነው።" ይኼ ትንሽ ይሻላል። ግን እሷ አጠገቤ ቆማ ሳለ አንድ የሚያውቀን ሰው መጥቶ እግዜር ያጽናህ ቢለኝስ? የሚመጣውን ሰው ሁሉ ፊት አያለሁ።

አሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ከእኔ ሌላ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ጥበቃው ወንበሩን አንስቶ ሊገባ ሲል አየኝ።

"ወንድም፣ ምን ትጠብቃለህ?"

"የቃሊቲውን ባቡር። ሰው ልቀበል።"

"እዚህ?" ሳቀ። "አራዳ ትመስለኝ ነበር እኮ! ከሰኞ ጀምሮ ከአሥር ሰዓት በኋላ ፒያሳ አይደርስም። አትክልት ተራ ላይ ነው የሚመለሰው። ጀርባህ ላይ ለጥፈውልሃል፣ ዞር ብለህ አንብበው።"

ዞርኩ። የተደገፍኩት መስታወት ላይ አዲሱ የሰዓት ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ማኅተም አለው። ቁጥሮቹን አየኋቸው እንጂ አላነበብኳቸውም።

ሰኞ ማታ እህቴ ራት ላይ ስለ ባቡሩ ስታማርር ነበር፤ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። "አቀበቱን በእግሬ አስያዙኝ፤ ለሁለት ሰው ነው የምወጣው" ብላ ወንድሜን አስቃው ነበር። እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ሳቁን ብቻ ሰማሁ። እናቴም ያን ቀን ይህን ልታስታውስ አትችልም።

ከአትክልት ተራ ሽቅብ የሚመጣ ሰው የእኛን በር ያልፋል። በሩ ላይ ደግሞ ሰው ቆሟል።

ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሯን አውጥቼ ቆምኩ። እኔ ለእህቴ ደውዬ አላውቅም፤ ይደውሉልኝ ነው የምልክላት። ደውዬ ድምፄን ከሰማች ታውቃለች። ባቡር ላይ፣ በሰው መሃል፣ ምናልባት ቆማ። ስልኩን ኪሴ ውስጥ መለስኩና ሮጥኩ።

በራችን ፊት ሳልፍ ሁለት ጎረቤቶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ሲገቡ አየሁ። አንዷ ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበሩ ጥግ ተቀምጣለች። "ምነው? መጣች እንዴ?" አለኝ አንደኛው። ሳልቆም ቁልቁል ወረድኩ። ዳገቱን የምትወጣ ሴት ሁሉ እሷን መሰለችኝ። አንዷማ እርጉዝ ነበረች። ስትቀርብ ሌላ ሰው ናት።

አትክልት ተራ ስደርስ ባቡሩ ገና አልመጣም ነበር። ምን ያህል እንደጠበቅኩ አላውቅም። ሲመጣ ሰው ተግተልትሎ ወረደ፤ እሷ መጨረሻ ላይ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"አንተ! ምን እግር ጣለህ?"

"ልቀበልሽ ነዋ።"

"እኔን? ምን አጥፍተህ ነው?"

"አክስቴ ትንሽ አሟታል። እሷ ጋ እደሪ ተብለሻል።"

"ምን ሆና?"

"ጉንፋን።"

"ጉንፋን ለያዘው ሰው እርጉዝ ይላካል? ደግሞ ጎረምሳው ለምን አልመጣም?" ጎረምሳው የምትለው ታላቃችንን ነው።

"ሥራ አለው" አልኩ።

ሥራ አለው። ይህንን ነው ያልኩት።

በታክሲ እንሂድ፣ አቀበቱ ያደክምሻል ስላት ደስ አላት። በሌላ መንገድ ዞሮ የሚወጣውን መረጥኩ። መሃል ላይ ቆመና አንዲት ሴት ገባች፤ ወንድሜ ከሚሠራበት ሱቅ በር ላይ ካልሲ የምትሸጥ። አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ። እጄን ያዘችኝ።

"እግዜር ያጽናችሁ የኔ ልጅ። ምን ዓይነት ክፉ ቀን ነው?"

ከዚያ እህቴን አየች። ሆዷን አየች። አፏን በእጇ ያዘች።

"ማን ሞቶ ነው?" አለችኝ እህቴ፣ ቀስ ብላ።

"ማንም።"

"እማዬ ናት?"

"አይ! እማዬ ደህና ናት!" አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። እፎይ እንድትል ብዬ።

ደግማ አልጠየቀችኝም። ካልሲ ሻጯ ባሏን አታውቀውም። አራት ነን። እኔና እሷ ታክሲው ውስጥ ተቀምጠናል። እማዬ ደህና ናት።

ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ወያላው ከበሩ "ፒያሳ፣ ፒያሳ" ይላል። አሁን ትጮሃለች፣ አሁን ትወድቅብኛለች እያልኩ እጠብቃለሁ። ውሃ እንኳ አልያዝኩም።

"አክስቴ ጋ ወስደህ ንጋት ላይ ሊያረዱኝ ነው?"

"አዎ።"

"እሺ።" እጄን ፈልጋ ያዘች። "ማወቄን ለማንም እንዳትናገር። እማዬ መንገድ ላይ መስማቴን ካወቀች ሌላ ሐዘን ነው። አታልቅስ። ካለቀስክ እኔም አልችልም።"

አክስቴ ተሸፋፍና ተኝታ ጠበቀችን፤ ሳል ሳል አለች። እህቴ "እግዜር ይማርሽ" አለቻትና የቀረበላትን ጥቂት ጎረሰች። አክስቴ በጨርፍታ አየችኝ፤ ጎበዝ እንደማለት። ንጋት ላይ ጋሼ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሩን ሲያንኳኩ እህቴ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነገሯት። ያኔ ጮኸች። ሴቶቹ "ሆድሽን! ሆድሽን!" እያሉ በሁለት በኩል ያዟት።

ቀበርነው።

በሠልስቱ ማግሥት እህቴ ከድንኳኑ ጀርባ ጠራችኝ። "አይንቀሳቀስም" አለችኝ። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ አስተኛቻት።

"ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማሽ መቼ ነው?"

"ባቡር ላይ" አለች እህቴ። "የዚያን ዕለት ማታ። ልወርድ ስል ሲራገጥ ነበር።"

ባቡር ላይ። ማለትም እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት። ጋሼ የፈሩት ነገር ደረሰ፣ ያደረስኩትም እኔ ነኝ አልኩ በልቤ። ነርሷ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ቦታ ቀየረች። እንደገና ቀየረች። እህቴ ጣሪያውን ታያለች። እኔ የነርሷን ፊት አያለሁ፤ ምንም አይታይበትም።

"ይኸው" አለች በመጨረሻ። "ይመታል። ደህና አድርጎ ይመታል። አንቺ ግን እህል ከቀመስሽ ስንት ቀንሽ ነው?"

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች።

"ባሏ ነህ?"

"ወንድሟ ነኝ።"

"ሂድ፣ ጣፋጭ ነገር የሚጠጣ ይዘህላት ና። በግራ ጎኗ ትተኛና እንቅስቃሴውን እንጠብቃለን። ገና አልጨረስንም።"

ጭማቂ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ማንጎ አዘዝኩ። "በስኳር ይሁን?" ሲለኝ "አብዛው" አልኩት። ብርጭቆውን መልሼ እንደማመጣ ነግሬው ወጣሁ። በሁለት እጄ ይዤ መንገዱን ስሻገር መኪና ይምጣ አይምጣ አላየሁም። የምፈራው እንዳይፈስብኝ ብቻ ነበር።