ለቆሮሶ የሚሆን መንጠቆ

ልጄን የሳንባ ነቀርሳ የያዛት በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። መድኃኒቱን በባዶ ሆዷ ስትውጥ ያስመልሳታል። ነርሷ፣ «ካልበላች መድኃኒቱን አትችለውም፤ ካቋረጠችው ደግሞ አትተርፍም» አለችኝ። ሌላ ልጅ የለኝም።

በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ። የነፍስ አባታችን ቤታችን ድረስ መጥተው ጾሙን ፈቱላት። እሷ ግን እንቁላሉንም ወተቱንም እንቢ አለች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ እንዳትቀምስ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። አባታችን ብዙ ከለመኗት በኋላ፣ «አሳ ከሆነ እሺ» አለች። ጎረቤቶቻችን በጾም አሳ ሲበሉ ታያለች። እኔ በሁዳዴ አሳም አልበላም።

ያን ሰሞን በጸጥታው መደፍረስ ምክንያት ጀልባዎች ከጣና ዳር አይነሱም ነበር። ከደልጊ የሚመጣው አሳም ቀረ። ገበያ ባዶ ሲሆንብኝ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ራሴ ላጠምድ ወጣሁ።

መንጠቆ ስገዛ ትልልቁን መረጥሁ። ትልቅ መንጠቆ ትልቅ አሳ ይይዛል ብዬ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ትሉ እየተበላ ባዶውን ስስብ ዋልሁ። ዳር የተቀመጡት ወንዶች፣ «ሴትዮዋ አሳውን ቁርስ እያበላችልን ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ከጎናቸው መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሲያዩኝ ቆዩና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጉማሬ ልታወጪ ነው?»

«ቆሮሶ ነው አባቴ የምፈልገው። ለታመመች ልጅ ነው።»

«ቆሮሶማ አፉ ጠባብ ነው። ይህን የሚያህል ብረት በየት ያስገባዋል? ትሉን ከዳር ከዳር ለቅሞ ይሄዳል እንጂ። ትንሿን፣ እግሯ ረዘም ያለችውን ግዢ፤ ለመንቀልም አታስቸግርሽም። ትል አታብዢ። ነካ ነካ ሲያደርግ አትሳቢ፤ ክሩ ሲሄድ ነው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ቆሮሶ ያዝሁ። ልጄ በላች፤ መድኃኒቷን ዋጠች፤ አላስመለሳትም። እንዲህ ሆነን አንድ ሳምንት ሰነበትን። ተመስገን።

ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። ዓርብ ማታ መንጠቆዎቹን እንዲባረኩልኝ ጸበል ውስጥ ነከርኋቸው። ቅዳሜና እሑድ ስለማላጠምድ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ እስከ ሰኞ አስቀመጥኋቸው። ሰኞ ስፈታቸው ዝገዋል። በቀሚሴ ጠርጌ ይዣቸው ወጣሁ። ጸበል የነካው ነገር ይበላሻል ብዬ አላሰብሁም።

ያን ቀን ደህና ቆሮሶ ያዝሁ። ስነቅለው መንጠቆው ተሰበረ። አፉን ከፍቼ ባይ ጫፉ አልታየኝም፤ ሣሩ ላይ ወድቋል ብዬ ወደ ቤት ሮጥሁ።

ልጄ የአሳውን ጭንቅላት መምጠጥ ትወዳለች። ስትመጥ ድንገት ቆመችና ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ የመንጠቆውን ጫፍ አወጣች። ከንፈሯ ደምቷል።

«እማ፣ ተቆጣኝ።»

«ማን?»

«እግዚአብሔር ነዋ። ጾም ሻርሁ።»

ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። ምግቡንም መድኃኒቱንም ተወች። ጨርቁን አምጥቼ የዛገውን ሁሉ አሳየኋት፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብረት በእርጥብ ጨርቅ አሳድሬ ነው» አልኋት።

«ጸበሉ ነው የሰበረው» አለችኝ።

የነፍስ አባታችን ለቀብር እንፍራንዝ ሄደው መንገድ ተዘግቶባቸው ነበር። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ራሷን ከትራስ ማንሳት አቃታት። ማለዳ ወርጄ በአዲስ መንጠቆ ሁለት ቆሮሶ ይዤ መጣሁ። ቀቅዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። አማተብሁና በላሁ።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየበላሁ ነው። የሚቆጣ ከሆነ በሁለታችንም ይቆጣ።»

አለቀሰች። እኔም ጣዕሙ አልታወቀኝም፤ መዋጡን ብቻ ነው የማስታውሰው። አንዱን ጨርሼ ሁለተኛውን እሾሁን ለቀምሁና ወደ አፏ አቀረብሁላት። አሳውንም እኔንም አየች። ከዚያ አፏን ከፈተች። መድኃኒቱንም ሰጠኋት። እስከ ቀትር ድረስ ሳፋ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ አላስመለሳትም።

መድኃኒቱን በስድስት ወር ጨረሰች። አንዱ ሳንባዋ እንደተጎዳ ቀርቷል፤ ዳገት አትወጣም፤ ትምህርቷንም አቋርጣለች። ግን አለችልኝ።

አባታችን ሲመለሱ ተናዘዝሁ፤ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰግጄ ጨረስሁ። በመብላቴ ግን ልጸጸት እንዳልቻልሁ ያን ጊዜውኑ ነገርኋቸው።