አጸደና ሁለቱ የነርስ ትምህርት ቤቶች

አጸደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በነበረ የስደተኞች ክሊኒክ ውስጥ ለዓመታት ጤና ረዳት ሆና ሠርታለች። መርፌ ወግታለች፣ ቁስል አጥባለች፣ ሴቶች አዋልዳለች። ቶሮንቶ ከገባች በኋላ ግን ያ ሁሉ አልተቆጠረላትም። ስካርቦሮ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥራ ሽማግሌዎችን ታጥብ፣ ታለብስ፣ ታጎርስ ነበር። ክኒን መስጠት ግን አይፈቀድላትም ነበር።

ሥራዋን አትጠላውም ነበር፤ የከበዳት ድካሙ ነው። ክሬሰንት ታውን ባለው ሕንጻችን ሊፍት ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ጊዜ አግኝቻታለሁ። «አጸደ፣ ፎቅሽ ደረሰ» ስላት ነበር የምትባንነው።

በፈረንጆቹ ዘጠና አራት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አቶ ገረመው የሚባሉ ሰው ወደ መጦሪያው ገቡ። ስትሮክ መቷቸው እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው፣ አማርኛ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ልጃቸው የምትኖረው ካልጋሪ ስለሆነ ከአጸደ በቀር የሚያወራቸው አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ስታለብሳቸው ትከሻቸውን ይዘው አቃሰቱ።

«ልጄ፣ ያንን የሕመም ክኒን ስጪኝ።»

«አባባ፣ ነርሷን ልጥራልዎት። አሁን ትመጣለች።»

«አንቺ እዚህ ቆመሽ ሌላ ሰው ትጠሪያለሽ?»

«እኔ መስጠት አልችልም። ፈቃድ የለኝም።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። «ገዳሪፍ ለስንቱ ስትሰጪ ኖረሽ የለም እንዴ? ራስሽ አይደለሽ ያጫወትሽኝ?»

ነርሷ ሌላ ክፍል ውስጥ ተይዛ ስለነበር እስክትመጣ ድረስ አጸደ ትከሻቸውን እያሸች ቆየች።

የዚያን ቀን ቤቷ ስትገባ ለባሏ ለተሻገር፣ «ነርስነት ልማር ነው» አለችው። ተሻገር ታክሲ ነጂ ነው፤ ከተማውን ስለሚያውቅ ትምህርት ቤቱንም ያገኘው እሱ ነበር። ያንግ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ያለ የግል ትምህርት ቤት። ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ከረባት ያሰረ ሰውዬ ሻይ አስመጣላቸው፤ ትምህርቱ ማታ ማታ እንደሆነ፣ መግቢያ ፈተና እንደሌለው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ነጭ እንደምትለብስ ነገራቸው። ተሻገር ወዲያው ልቡ ረጋ።

ሌላው የመንግሥት ኮሌጅ ነበር። እዚያ ለመግባት በመጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛና ኬሚስትሪ እንደገና መማር አለባት። ከዚያ ዋናው ትምህርት፤ ከዚያ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሆስፒታል መገኘት የሚያስፈልገው ልምምድ።

«አርባ ዓመትሽ ነው» አላት ተሻገር። «ኬሚስትሪ? መቼ ጨርሰሽ መቼ ልትሠሪ?»

እሷም ቢሆን ልቧ ወደ አጭሩ አዘንብሎ ነበር። «እውነቱን ልንገርሽ» አለችኝ በኋላ፤ «አጭሩን የወደድኩት የተሻለ መስሎኝ አይደለም። ስለደከመኝ ነው።»

ያስቆመቻት ማቪስ ናት። ማቪስ እዚያው መጦሪያ የምትሠራ ክኒን መስጠት የሚፈቀድላት ጃማይካዊት ፕራክቲካል ነርስ ስትሆን፣ ነገር አታበዛም። «ያንግ ጎዳና ካለው ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ለነርስ ፈቃድ ፈተና መቀመጥ ይችላል ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው። ሌላ ነገር አትጠይቂ» አለቻት።

አጸደ ኮል አደረገች። ባለ ከረባቱ ሰውዬ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ስለ ሰርተፍኬቱ ማማር አወራላት። አሁንም ደግማ ስትጠይቀው፣ የሚሰጡት የረዳትነት ሰርተፍኬት እንደሆነ፣ ግን ጥሩ ጅምር እንደሚሆናት ነገራት። ያው አሁን የምትሠራው ሥራ ማለት ነው። አመስግና ስልኩን ዘጋች። አለቀሰች ብል ደስ ባለኝ፤ አላለቀሰችም። እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ኮሌጁ ገባች። ተሻገር አኩርፎ ሰነበተ፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ልጃቸውን ቤዚን ለትምህርት ቤት የሚያሰናዳው እሱ ሆነ። ጸጉር መሥራት አያውቅበትም። «ዳዲ፣ ኢት ኸርትስ! አመመኝ!» የሚለው ጩኸት እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ልጅቷ ለብዙ ወራት አንዱ ጉንጉን ወፍሮ፣ አንዱ ቀጥኖ ትሄድ ነበር።

አጸደ ከክፍል ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ክፍል ሆነች። በሁለተኛው ዓመት አቶ ገረመው ዐረፉ። ለሥራ ስትገባ ነው የነገሯት። ገላቸውን አጥባ፣ ጸጉራቸውን አበጥራ፣ ልጃቸው ከካልጋሪ እስክትደርስ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ተርም ትምህርቷን አቋረጠች። መጻሕፍቱን አልጋ ሥር ከተተቻቸው። ምዝገባው ሲከፈት ተሻገር ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣ አቧራቸውን ጠርጎ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው።

«ጀምረሽዋል እኮ።»

ተመለሰች። በዘጠና ስምንት የፈቃዱን ፈተና አለፈች። እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ቤቷ ስሄድ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ አገኘኋት።

«ደስ አላለሽም እንዴ?» አልኳት፣ ፊቷን አይቼ።

«ብሎኛል» አለች። «ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።»