ጥቁሩ መስታወት

ዛሬ እዚህ አረብ አገር፣ ፔትሮሚን ሰፈር፣ አንድ መስታወት ሻጭ ላይ ጮኼበት ወጣሁ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

እህቴ ሀያት ፀሐይ ሲነካት ቆዳዋ ይቆስላል። ለቤቷ አዲስ መስኮት ልመርጥላት ነበር የሄድኩት። ሰውየው "ጥቁሩን ውሰድ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ፀሐይ አያሳልፍም" ይለኛል።

በደርግ ጊዜ፣ መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ስንኖር፣ ለአባቴም እንዲሁ ብለው ነው ጥቁር መስታወት የሸጡለት።

"እስቲ ለካው!" አልኩት። የፀሐይ ጨረር መለኪያውን ከጥቁሩ ኋላ ሲይዘው ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። መሃሉ ጨረር የሚያግድ ስስ ላስቲክ ካለው ነጭ ድርብ መስታወት ኋላ ሲይዘው ዜሮ። ሙቀት የሚመልሰው፣ ኤሲውንም የሚያሳርፈው ያው ነጩ ነው። መለኪያው እጁ ላይ እያለ ይዋሻል እንዴ ሰው?

ግን የተናደድኩት በእሱ ብቻ አይደለም።

ያኔ ሀያት ጥቁሩ መስኮት ስር ውላ ፊቷ ቆሰለ። አባቴ "ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ነው!" ብሎ ገረፋት። "ወላሂ ከመስኮቱ አልተነሳሁም" እያለች አለቀሰች። ሳላይ "አዎ፣ ወጥታለች" ብዬ የመሰከርኩባት እኔ ነኝ።

ከሱቁ እንደወጣሁ ደወልኩላት። "ያኔ ያቃጠለሽ መስታወቱ ነው" አልኳት።

"ታዲያ እኔ ምን አልኩ?" አለችኝና ዘጋችው።

እናንተስ ቤት እውነቱን ተናግሮ የተገረፈው ማን ነበር?